የመጀመሪያውን የውሃ ማቀዝቀዣ ከዱባይ ከማስመጣትህ በፊት

«ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ባሕር ዳር፣ ፔዳ አካባቢ ነው። የሠርግና የልደት ቪዲዮ ኤዲት አደርጋለሁ። ኮምፒውተሬ ራይዘን 7 5800ኤክስ ፕሮሰሰር ያለው ዴስክቶፕ ነው። ማቀዝቀዣው ባለ አንድ ፋን ትንሽዬ የአየር ማቀዝቀዣ ነው። ባለፈው ሚያዝያ ሬንደር (ኤዲት ያለቀውን ቪዲዮ ወደ ፋይል ማውጣት) ላይ ሳደርገው 90 ዲግሪ እየገባ ሥራው ይንቀራፈፍብኝ ነበር። የፋኑ ጩኸት ደግሞ አያስተኛም። ክፍሌ ቆርቆሮ ጣራ ነው። የአክስቴ ልጅ ዱባይ ናት። ለፋሲካ ስትመጣ የምፈልገውን ልታመጣልኝ ቃል ገብታለች። እኔን ያማረኝ ባለ ግልጽ ቱቦው፣ ራሴ ገጥሜ ውሃ የምሞላው ዓይነት ነው። ጓደኛዬ ግን ያፈስብሃል እያለ ያስፈራራኛል። ውሃው ሃይላንድ ቢሆን ችግር አለው? መብራት ሲጠፋስ? ለጀማሪ የትኛውን ይመክራሉ? የሠርግ ቪዲዮ ሠሪው፣ ከፔዳ።»

ወንድሜ፣ ደብዳቤህ በጾሙ ስለደረሰኝ ደስ ብሎኛል። አሁን ሠርግ የለም። ኮምፒውተርህም አንተም ትንሽ እፎይ ብላችኋል። ፋሲካ ካለፈ በኋላ ግን ሠርጉ ይደራረባል፣ ሙቀቱም ያኔ ነው የሚብሰው። ስለዚህ የምታስበውን አሁን አስብ።

መልሴን ከፊት ላስቀምጠው። ፋብሪካ ሞልቶ ያሸገውን፣ ዝግ የሆነውን ዓይነት አስመጣ። ሙቀቱን የሚያስወጣው ራዲያተር ባለ 240 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ ኬዝህ (የኮምፒውተሩ ሳጥን) ከቻለ ባለ 280። ባለ ግልጽ ቱቦውን ለዚህ ኮምፒውተር አታስመጣ። ማማሩን ስላልወደድኩት አይደለም፤ እውነትም ያምራል። ግን ይህ ኮምፒውተር እንጀራህ ነው። ዕቃ ስትመርጥ መጀመሪያ መጠየቅ ያለብህ «በሥራ ወቅት አንድ ነገር ቢበላሽ እዚሁ ባሕር ዳር ሆኜ በአንድ ቀን አስነሳዋለሁ ወይ?» የሚለውን ነው። የቀረው ምክሬ በሙሉ ከዚህ ጥያቄ ነው የሚነሳው።

ግን ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት ችግሩ በእርግጥ የቱ ጋ እንዳለ እንይ።

90 ዲግሪ ያልከው ቁጥር ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። የዚህ ፕሮሰሰር የሙቀት ጣሪያ 90 ነው። እዚያ ሲደርስ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ስለዚህ መንቀራፈፉን በትክክል አይተኸዋል። ሆኖም ኤዲት ስታደርግ የሚሠራው ፕሮሰሰሩ ብቻ አይደለም። ብዙዎቹ የኤዲቲንግ ፕሮግራሞች፣ በተለይ ዳቪንቺ ሪዞልቭ፣ ትልቁን ሸክም ግራፊክስ ካርዱ ላይ ይጥላሉ። ፕሮሰሰር ላይ የምትገጥመው ውሃ ደግሞ ግራፊክስ ካርዱን አይነካውም። ኤችደብሊውኢንፎ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ። ጫነውና አንድ ሙሉ ሬንደር እየሠራ የሁለቱንም ሙቀት ተከታተል። ፕሮሰሰሩ 90 ላይ ተቸክሎ ግራፊክስ ካርዱ ዘና ያለ ከሆነ ውሃው ይጠቅምሃል። ነገሩ ተገላቢጦሽ ከሆነ የአክስትህን ልጅ አታድክማት።

ሌላ ደግሞ ምንም የማያስወጣ ሙከራ አለ። የኬዝህን የፊት መሸፈኛና የጎን መስታወት አውልቀህ ያንኑ ሬንደር ለአሥር ደቂቃ አስሮጠው። ሙቀቱ አምስት ዲግሪና ከዚያ በላይ ከወረደ ኬዝህ እየታፈነ ነው ማለት ነው። ፊታቸው በሙሉ መስታወት የሆነ ኬዞች አሉ፤ ለዓይን ይስባሉ፣ አየር ግን የሚያስገቡት በጠባብ ጎን በኩል ነው። በታፈነ ኬዝ ውስጥ ምርጡ የውሃ ማቀዝቀዣም ያንኑ የጋለ አየር ነው የሚያዞረው።

አቧራውንም አትርሳ። ከጥቅምት ጀምሮ ዝናብ አልነካንም፤ የማቀዝቀዣህ ስስ ብረቶች መሃል የተጋገረው አቧራ ቀላል አይሆንም። በብሎወር አስነፋው። ሲነፋ ፋኑን በጣትህ ያዘው፤ በነፋሱ ኃይል ከልኩ በላይ እንዲሽከረከር አትፍቀድለት። ፔስቱም (ፕሮሰሰሩና ማቀዝቀዣው መሃል የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) ከተገዛ ጀምሮ ካልተቀየረ አልኮል በነካ ጨርቅ ጠርገህ አዲስ ቀባው።

አንድ ተጨማሪ ነገር፣ እኔ በጣም የምወደው። 5800ኤክስ 105 ዋት ተብሎ ይሸጥ እንጂ ሥራ ሲበዛበት እስከ 142 ዋት ይበላል። ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈተው ማስተካከያ) ውስጥ ኢኮ ሞድ የሚባል ምርጫ አለ። ወደ 65 ዋቱ ደረጃ ስታወርደው ጣሪያው 88 ዋት ይሆናል። ሬንደሩ ትንሽ ይዘገያል፤ ሙቀቱ ግን በደንብ ይወርዳል። 90 ላይ ደርሶ እየተንገዳገደ ከሚሠራ ፕሮሰሰር ጋር ስታነጻጽረው ልዩነቱ ከምታስበው ያነሰ ነው። ዛሬ ማታ ሞክረው፤ ሳንቲም አይጠይቅህም።

ይህን ሁሉ አድርገህም አልበቃህ ካለ፣ ወደ ውሃው እንሂድ።

የውሃ ማቀዝቀዣ አሠራሩ ከመኪና ራዲያተር ጋር አንድ ነው። ፕሮሰሰሩ ላይ የመዳብ ሳህን ይቀመጣል። ፓምፑ ውሃውን በሳህኑ ውስጥ ያሳልፋል፤ ውሃው ሙቀቱን ይዞ ወደ ራዲያተሩ ይሄዳል፤ ፋኖቹ ደግሞ ሙቀቱን ወደ ክፍሉ ይተፉታል። ልብ በል፦ ውሃው ሙቀቱን ያጓጉዛል እንጂ አያጠፋውም። መጨረሻ ላይ ሙቀቱን የሚረከበው ያንተ ክፍል ነው። ስለዚህ የውሃ ማቀዝቀዣ ከክፍሉ ሙቀት በታች ሊያወርድ አይችልም። ክፍልህ 33 ዲግሪ ከሆነ ወለልህ 33 ነው። የደጁ ሙቀት በሚያዝያ ከሰዓት በኋላ 30 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን፣ ቆርቆሮ ሥር ምን ያህል እንደሚደርስ ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ።

እዚህ ላይ ዩቲዩብ ላይ የምታያቸውን ቁጥሮች አነባበብ ላስረዳህ። ጎበዝ ገምጋሚ «65 ዲግሪ ሆነ» ብሎ አይተውህም፤ «ከክፍሉ ሙቀት በላይ ይህን ያህል» ይላል። «ከክፍሉ በላይ 50» ካለ ባለ 21 ዲግሪ ክፍል ውስጥ 71 ነው፣ አንተ ጋ ግን 83። ዕቃው አንድ፣ ገንዘቡ አንድ፤ ውጤቱ ግን ይለያያል።

ሌላም አለ። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር አካባቢ ነው። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ባሕር ጠርዝ ካለ ከተማ አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። ፋኑ ያው በደቂቃ ያን ያህል ይዞራል፤ የሚገፋው አየር ግን ቀላል ስለሆነ የሚሸከመው ሙቀት ያንሳል። ዱባይ ባሕሩ አፍ ላይ ናት። እዚያ በቤተ ሙከራ 120 ዋት በምቾት የሚያስተናግድ ትንሽ ራዲያተር እዚህ ያን ያህል አይመቸውም። ስለዚህ ባለ 120 ሚሊ ሜትሯን፣ አንድ ፋን ብቻ ያላትን፣ ርካሽ ናት ብለህ እንዳትነካት። ከጥሩ የአየር ማቀዝቀዣ አትሻልም።

«እንግዲያው ለምን ባለ 360ውን አልወስድም?» ትለኛለህ። ደግ ጥያቄ ነው። የአንተ ፕሮሰሰር ስምንቱንም ኮሮች (ሥራውን የሚሠሩትን ክፍሎች) የያዘው አንዲት ትንሽ ቺፕ ላይ ነው። ስፋቷ 80 ካሬ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ከአውራ ጣትህ ጥፍር ብዙም አትርቅም። ያ ሁሉ ዋት የሚወጣው ከዚያች ቦታ ነው። ስለዚህ መጨናነቁ ራዲያተሩ ጋ አይደለም፤ ሙቀቱ ከቺፗ ወጥቶ የመዳቡ ሳህን ላይ እስኪደርስ ያለው መንገድ ላይ ነው። ራዲያተሩን ከ240 ወደ 360 ብታሳድገው ጥቂት ዲግሪ ብታገኝ ነው። ባለ 360ው እስከ 253 ዋት ለሚበላው የኢንቴል ኮር አይ9 13900ኬ ዓይነት ትርጉም አለው። ለአንተ ግን 240 ይበቃል። 280 ከገባልህ ፋኖቹ ትልልቅ ስለሆኑ ቀስ ብለው እየዞሩ ያንኑ ይሠራሉ፤ ጩኸቱም ይቀንስልሃል።

እውነቱን ለመናገር፣ ባለ ሁለት ፎቁ ትልቅ የአየር ማቀዝቀዣም ለዚህ ፕሮሰሰር ይበቃል። ኖክቱዋ ኤንኤች-ዲ15ን የመሰለ ዕቃ ከባለ 240 ውሃ ብዙም አይርቅም። ሊበላሽበት የሚችለው ፋኑ ብቻ ነው፤ ፋን ደግሞ የትም ይገኛል። ችግሩ ቁመቱ 165 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ጠባብ ኬዝ ውስጥ አይገባም። የአንተ ኬዝ ሰፊ ከሆነና ውሃው ያማረህ ለማቀዝቀዝ ብቻ ከሆነ እኔ ይህን አስቀድማለሁ። ግን ውሃ እንደምትፈልግ ግልጽ አድርገህ ጽፈህልኛል፤ አሳማኝ ምክንያትም አለህ። ውሃ ቶሎ አይግልም። ስለዚህ ጭነቱ ከፍ ዝቅ ሲል ፋኑ እየተነሳ እየወደቀ አይጮህብህም። ሌሊት እዚያው ክፍል ለሚተኛ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ወደ ዝግና ክፍት ጉዳይ። የክፍቱን ታሪክ በደንብ ልንገርህ፤ ምክንያቱም ጀማሪ የሚጎዳው እዚህ ጋ ነው።

ክፍት ስብስብ፣ ማለትም አንተን ያማረህ ባለ ግልጽ ቱቦው ዓይነት፣ ሲባል ፓምፕ፣ የውሃ ማጠራቀሚያ፣ የፕሮሰሰር ሳህን፣ ራዲያተር፣ ቱቦና ማያያዣዎች ለየብቻ ይመጡልሃል ማለት ነው። የምትገጥመው፣ የምትሞላው፣ የምትፈትሸው አንተ ነህ። ሲያምር ያምራል፤ ግን ርካሹ ስብስብ ውስጥ አንድ የተደበቀ ነገር አለ። ሳህኑ መዳብ፣ ራዲያተሩ አሉሚኒየም ይሆናል። ሁለቱ ብረቶች በአንድ ውሃ ውስጥ ሲገናኙ ውሃው ባትሪ ዓይነት ሥራ ይጀምራል፤ አሉሚኒየሙ ቀስ በቀስ ይበላል። የተበላው ዝቃጭ ሄዶ የሳህኑን ቀጫጭን ቦዮች ይደፍናል። መጀመሪያ ሙቀቱ በዝግታ ይጨምራል፤ ቆይቶ ራዲያተሩ ይበሳል። ዝጎቹም ብዙውን ጊዜ አሉሚኒየምና መዳብ ቀላቅለው ነው የሚሠሩት። ልዩነቱ ፋብሪካው ዝገት የሚከላከል ፈሳሽ መጥኖ ሞልቶ ማሸጉ ነው። ክፍቱን የምትሞላው አንተ ስለሆንክ ያ ጥበቃ ያንተ ኃላፊነት ይሆናል።

ስለዚህ አንድ ቀን፣ ለሥራ ሳይሆን ለፍቅሩ፣ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ክፍቱን ስትሠራ ሻጩን አንድ ነገር ጠይቀው፦ «ራዲያተሩ መዳብ ነው ወይስ አሉሚኒየም?» መልሱን ካላወቀ አትግዛ። ሁሉም መዳብ፣ ነሐስ ወይም ኒኬል የተቀባ መሆን አለበት። ቱቦው ጠንካራው ሳይሆን ለስላሳው ይሁን፤ ጠንካራው በሙቀት መታጠፍና በልክ መቆረጥ ስለሚፈልግ ለመጀመሪያ እጅ አይሆንም። የማያያዣውና የቱቦው ልክ አንድ መሆኑን ሁለት ጊዜ አረጋግጥ፤ 10 በ13 ቱቦ 10 በ16 ማያያዣ ላይ አይጠብቅም። አንዲት የላስቲክ ቀለበት ብትጠፋብህ እዚህ ሱቅ ገብተህ ማግኘትህ ዕድል ነው፤ ትርፍ አስመጣ። ቀለም ያለው ፈሳሽም ይቅርብህ። አንዳንዱ ቀለም ሲቆይ ይረጋና ሳህኑን ይዘጋዋል።

ሃይላንድ ያልከውን እዚሁ ልመልስልህ። አይሆንም። ለመጠጥ የታሸገ ውሃ ማዕድን አለበት። ያ ማዕድን ሳህኑ ውስጥ ይጋገራል፣ ኤሌክትሪክም ያስተላልፋል። የቧንቧውም፣ የጣናውም ያው ነው፤ የጣናው ደግሞ አልጌውን ደርቦ ይዞልህ ይመጣል። ክፍት ስብስብ የሚፈልገው የተጣራ ዲስትልድ ውሃ ከጸረ ዝገትና ከጸረ አልጌ ጋር ተቀላቅሎ ነው፤ ወይም ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀ ፈሳሽ። መኪና መለዋወጫ ሱቅ «የባትሪ ውሃ» ብለው የሚሸጡት ዲስትልድ ሊሆን ይችላል፤ ግን በዚያው ስም አሲዱን የሚሰጥህም አለ። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ሳታነብ አትቀበል። ዝጉን ከገዛህ ግን ይህ ሁሉ ጣጣ የለብህም፤ የምትሞላው ነገር የለም።

ጓደኛህ ያፈስብሃል ማለቱ ከሜዳ የመጣ ፍርሃት አይደለም። ክፍት ስብስብ ስትገጥም የሚፈሰው ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያው ቀን ነው፤ ምክንያቱም በደንብ ያልጠበቀ ማያያዣ ይኖራል። ለዚህም ነው ልምድ ያላቸው ሰዎች ማዘርቦርዱንና ግራፊክስ ካርዱን ከመብራት አላቅቀው ፓምፑን ብቻ 24 ሰዓት የሚያስሮጡት። የፓወር ሰፕላዩን ትልቁን ባለ 24 መሰኪያ ከማዘርቦርዱ ይነቅሉና አረንጓዴውን ሽቦ ከአንዱ ጥቁር ጋር በትንሽ ሽቦ ያገናኙታል፤ ፓወር ሰፕላዩ ብቻውን ይነሳል። በየማያያዣው ሥር ሶፍት ይጠቀልላሉ። በማግስቱ ሶፍቱ ላይ አንዲት እርጥብ ነጥብ ካለች ያ ማያያዣ እንደገና ይፈታል። ሌሊቱን ሙሉ መብራት ሳይቆራረጥ ይህን ፈተና መጨረስም አንድ ጣጣ ነው።

ዝጉ ላይ ግን ከመፍሰስ ይልቅ የሚያጋጥመው የፓምፑ መድከም ወይም የፈሳሹ መጉደል ነው። ቱቦው ምንም ቢታሸግ በዓመታት ውስጥ ትንሽ ትንሽ እርጥበት ያመልጠዋል። ብዙ አምራቾች ዋስትና የሚሰጡት 5 ወይም 6 ዓመት ነው፤ ዕድሜውን ከዚያ ገምት። ስለዚህ ያገለገለ አትግዛ። «ብዙ አልሠራም» ቢሉህም ፈሳሹ ቆሞም ይጎድላል።

በክረምት እርጥበቱ ሲበዛ ውሃ ያዝንብበታል ወይ ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። አያዝንብበትም። ጤዛ የሚይዘው ከክፍሉ አየር የቀዘቀዘ ነገር ነው፤ ይህ ማቀዝቀዣ ደግሞ ከክፍሉ በታች አይወርድም።

መብራት ሲጠፋ ምንም አይሆንም። ፓምፑም ፕሮሰሰሩም አብረው ይቆማሉ። ፕሮሰሰሩ ሙቀት ማውጣቱን ስላቆመ የቆመው ውሃ የቀረውን ይይዘዋል። የሚጎዳህ መብራቱ ሲመለስ ይዞት የሚመጣው ኃይል ነው። እሱ ደግሞ ውሃ ኖረም አልኖረም ፓወር ሰፕላይህን ያጠቃል። ስለዚህ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) ወይም ደህና ስታብላይዘር ከሌለህ ከማቀዝቀዣው በፊት እሱን ግዛ። ይህን የምልህ ከልቤ ነው። የሙሽራ ቪዲዮ ያለበት ሃርድ ዲስክ በሙቀት ሳይሆን በመብራት ነው የሚሄደው።

አሁን ለአክስትህ ልጅ የምትልከውን መልእክት እናዘጋጅ። መጀመሪያ ግን ካርቶን ፈልግ። 28 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 12 ስፋት፣ 5 ተኩል ውፍረት ያለው ሳጥን አድርገህ እጠፈው። ይህ የባለ 240 ራዲያተር ከነፋኑ መጠን ነው ማለት ይቻላል። ኬዝህን ክፈትና ጣራው ሥር አስገባው። ራሞቹን ይነካል? ማዘርቦርዱ ዳር ያለውን ብረት ይገፋል? ካልገባ ፊት ለፊት ሞክረው፤ ግራፊክስ ካርዱ ጫፍ ጋር መጋጨቱን እይ። ለ280ው ርዝመቱን 32፣ ስፋቱን 14 አድርግና ድገመው። አንዳንዱ ራዲያተር ከተለመደው ይወፍራል። አርክቲክ ሊኩዊድ ፍሪዘር 3 ለምሳሌ ራዲያተሩ ብቻውን 38 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከነፋኑ 6 ሴንቲ ሜትር ከግማሽ ሊጠጋ ነው። ግሩም ዕቃ ነው፣ ዋስትናውም 6 ዓመት ነው፤ ካርቶንህ ካልገባ ግን እሱም አይገባም። ዱባይ ሱቅ ውስጥ የቆመች ልጅ ይህን ልታውቅልህ አትችልም።

መልእክትህ ላይ «ኤኤም4 የሚይዝ» ብለህ ጻፍ። የፕሮሰሰርህ መቀመጫ ስሙ ነው። በ2022 ወደ ወጣው ኤኤም5 አንድ ቀን ብትሻገር አብዛኛው የኤኤም4 ማቀዝቀዣ እዚያም ስለሚገጥም ገንዘብህ አይባክንም። ሁለተኛ፣ ሳጥኑ ያልተከፈተ ይሁን። ሦስተኛ፣ ፓምፑ ላይ ስክሪን ያለውን፣ መብራቱ የሚጨፍረውን ተይው በላት። ዋጋው የሚጨምረው ለመብራቱ ነው፤ ሊበላሽ የሚችለውም ነገር ይበዛል። አራተኛ፣ ፈሳሽ ስላለበት በእጅ ሻንጣ ሳይሆን በሚጫነው ሻንጣ ትክተተው፤ ቱቦው እንዳይታጠፍ በልብስ መሃል ታድርገው። የፔስት ቱቦም አንድ ትጨምርልህ።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር ጊዜው ነው። እሷ ለፋሲካ ከመጣች ዕቃው እጅህ የሚገባው ሠርግ ሊጀምር ቀናት ሲቀሩት ነው። ከዚያ በፊት የሚመጣ ሰው ካለ በእሱ አስልክ። ካልሆነ ደግሞ ጫናው በሚጀምርበት ሳምንት ኮምፒውተርህን አትፍታ። አዲስ ዕቃ ከገጠምክ በኋላ ቢያንስ ሁለት ሦስት ቀን የማትቸኩልበት ጊዜ ያስፈልግሃል፤ ሙሽሮች «መች ይደርሳል?» እያሉ እየደወሉ መፈታተሽ አይቻልም። ኢኮ ሞዱና ጽዳቱ እስከ ግንቦት ያደርሱሃል። ከባዱን ሬንደርም ማታ ላይ አስጀምረው፤ የባሕር ዳር ሌሊት በዚያ ወቅትም ቀዝቀዝ ይላል፣ ቆርቆሮውም በርዷል።

ስትገጥም ጥቂት ነገሮችን ተጠንቀቅ። ማዘርቦርዱ ጀርባ ያለችውን ብረት አትጣላት፤ ብዙዎቹ ስብስቦች የሚታሰሩት እሷው ላይ ነው። የመዳቡ ሳህን ላይ ስስ ፕላስቲክ ተለጥፎ ሊመጣ ይችላል፤ ሳትልጥ አትግጠም። ፔስት ተቀብቶለት ከመጣ ሌላ አትደርብበት። ብሎኖቹን አንዱን ጨርሰህ ሌላውን ሳይሆን በማዶ ለማዶ፣ ትንሽ ትንሽ እያልክ አጥብቃቸው። ራዲያተሩን ከቻልክ የኬዙ ጣራ ላይ አድርገው። ዝግ ስብስብ ውስጥ ሁልጊዜ ትንሽ አየር አለ። አየሩ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከላይ ማረፍ ያለበት ራዲያተሩ ውስጥ እንጂ ፓምፑ ውስጥ አይደለም። ፊት ለፊት ከገጠምከውም የራዲያተሩ ጫፍ ከፓምፑ ከፍ ማለቱን አረጋግጥ። ራዲያተሩ ኬዙ ወለል ላይ ሆኖ ፓምፑ ከእሱ በላይ የሚቀርበት አገጣጠም ግን ፓምፑን ይገድለዋል።

ገመዱን በተመለከተ ማዘርቦርዱ ላይ የፓምፕ መሰኪያ ካለ ፓምፑን እዚያ፣ ፋኖቹን «ሲፒዩ ፋን» የሚለው ላይ ሰካ። ፓምፑ ሁልጊዜ በሙሉ ፍጥነቱ ይዙር፤ ከፍ ዝቅ የሚለው ፋኑ ብቻ ይሁን። ስታስነሳው ለጥቂት ደቂቃ ውሃ ሲንቦቀቦቅ ብትሰማ አትደንግጥ፤ አየሩ ቦታውን እየፈለገ ነው። በማግስቱም ካልቆመ ኬዙን ቀስ ብለህ ግራና ቀኝ አዘንብለው። ከዚያ አንድ ሰዓት ሙሉ ሬንደር አስሮጥና ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፍ፤ የክፍሉንም ሙቀት አብረህ። ከስድስት ወር በኋላ በዚያው የክፍል ሙቀት ስትለካው አሥር ዲግሪ ከጨመረ ወይ አቧራ ነው ወይ ፓምፕ። አቧራውን አስነፍተህ ካልወረደ ፓምፑ ነው።

አሁን ያለችህን ትንሽዬ የአየር ማቀዝቀዣ ደግሞ እንዳትሸጣት። ከነብሎኗ፣ ከነፔስቷ ካርቶን ውስጥ አስቀምጣት። ፓምፑ በግንቦት አጋማሽ አንድ ማታ ቢቆም ዋስትናው ዱባይ ነው ያለው። ያኔ በአንድ ሰዓት ውስጥ ትንሿን መልሰህ፣ ኢኮ ሞድ ላይ አድርገህ ሥራህን ትጨርሳለህ። ከማዘዝህ በፊት ካርቶኑ የቱ ጋ እንደገባና የኬዝህን ስም ጽፈህ ላክልኝ፤ አይቼ እመልስልሃለሁ።